ፎቶው ነው ወይስ ገናው?

(በጥር ወር የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ኅዳር መጨረሻ በድረ ገጻችን ላይ ድጋፍ የምንጠይቅበትን ገጽ ቀይረናል። ቀድሞ አባሎቻችን ስፌት ሲሰፉ ይታይበት ነበር። አሁን አንዲት እናታችን ጣሪያው በተቀደደ ቤታቸው ደጃፍ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ይታያሉ። በታኅሣሥ ገቢያችን ከፍ አለ። «ፎቶው ሠራ» ተባለ፤ ሌሎቹም ገጾች በዚሁ መልክ ይሠሩ የሚል ሐሳብ ለዛሬ ቀርቧል።

ሒሳብ ያዥ ነኝና መዝገቡን ገለጥሁ። አምናም ካቻምናም፣ ያ ፎቶ ሳይኖር፣ ገቢው በታኅሣሥ ከፍ ብሏል። ውጭ ያሉ ወዳጆቻችን ለገና መስጠት ልማዳቸው ነው። ታዲያ ገንዘቡን ያመጣው ፎቶው ነው ወይስ ገናው? መዝገቡ ይህን አይለይም።

የሚለየውን ዘዴ የደጀንና የእነማይ ገበሬ ያውቀዋል። ጤፍ በመስመር ዝሩ ሲባል፣ ብልሁ ገበሬ አምና በብተና ካገኘው ጋር አያወዳድርም፤ የአምናው ዝናብ ሌላ ነው። አንዱን ማሳ ከፍሎ ግማሹን በመስመር፣ ግማሹን በብተና ይዘራና በአንድ ዝናብ ያየዋል። በድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ገጾች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ኮምፒውተሩ ለሚገባው ሰው ሁሉ እንደ ዕቁብ ዕጣ እያወጣ ወደ አንዱ ይመራዋል። ያ ሰው ተመልሶ ሲመጣም ያንኑ ገጽ ማየት አለበት፤ አለዚያ የትኛው ገጽ እንዳሰጠው አይታወቅም።

በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ የመመዝገቢያ ገጹን በ24 ዓይነት አዘጋጅቶ ለ310,000 ያህል ጎብኚዎች አሳይቷል። የዘመቻው ሠራተኞች የወደዱት ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮዎቹ ግን ከፎቶዎቹ ሁሉ አነሱ። ያሸነፈው የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት ገጽ ነው፤ ቀድሞ ከመቶ ጎብኚ 8.26 ይመዘገብ የነበረው 11.6 ሆነ።

የእኛ ጎብኚ ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ አንዱን ገጽ ካዩ 100 ሰዎች 3ቱ፣ ሌላውን ካዩ 100 ደግሞ 5ቱ ቢሰጡ፣ ሁለተኛው በለጠ ማለት አንችልም። የሁለት ሰው ልዩነት በዕጣ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሐምሌ እንሞክር፤ የወደድነው ገጽ መራ ብለን በመሐል አናቁም። ብሩን ብቻ ሳይሆን የሰጪውን ቁጥር እንቁጠር፤ አንድ ለጋስ ብቻውን ሚዛኑን ያዛባዋልና። (ለጋሶቻችን እንዳትቀየሙ፣ መዝገቡን እንጂ እናንተን አልወቀስሁም።)

አንድ ነገር ግን ሙከራ አይመልሰውም። እናታችን ፎቶውን የፈቀዱት ለአንድ ሪፖርት ነበር። ፈቃዳቸውን የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል ብዬ አልነገርኋቸውም። ጣሪያቸውም ባለፈው ክረምት በእናንተ ገንዘብ ታድሷል፤ ገጹን የሚያይ ሰው ግን ዛሬም የሚያፈስ ይመስለዋል።

ፎቶው ዛሬ ማታ እንዲወርድ ጠይቄያለሁ። ነገ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሺ ካሉኝ ከነአዲሱ ቆርቆሯቸው እናነሣቸዋለን፤ ከስፌቱ ፎቶ ጋር ዕጣ ውስጥ የሚገባው ያ ይሆናል። እንቢ ካሉም ሌላ እንፈልጋለን።