ነገርን ከሥሩ፤ ስለ ሞተር ቢስክሌት ፍሪሲዮንና ማርሽ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፤ በሞተር ቢስክሌት ወደ ሥራው የሚመላለስ ሰው ገንዘቡም ሕይወቱም በዚህች ሽቦ ላይ ሊንጠለጠል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድታውሱኝ እለምናለሁ።

የሞተር ቢስክሌትን ዕቃ እንደ ፈቃድ መለወጥ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኤስ ካፌ በተባለው ቤት ይሰበሰቡ የነበሩት የለንደን ወጣቶች መሪውን ዝቅ፤ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ ያደርጉ ነበር፤ የትራያምፍ ሞተር በኖርተን አካል ላይ የታሰረበትም ሞተር ቢስክሌት ትራይተን ተባለ። ነገር ግን አንድ ዕቃ የለወጠ ሰው ከዚያ ዕቃ ጋር የተያያዘውን ሁሉ እንደ ነካ ሊያውቅ ይገባዋል።

እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። ለወገቤ ይመቸኛል ብዬ አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ መሪ አስገጠምሁ፤ የፍሪሲዮኑን ሽቦ ግን የቀድሞውን እንዳለ ተውሁት። በሳምንቱ ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይስብም። ከኋላዬ የሚመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ተቃረበኝ፤ እንደ ምንም ወደ ዳር ወጥቼ ተረፍሁ። የተቃጠለው ሸራ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። ከደመወዜ ከፍዬ አዲስ ሸራና ጠንካራ ሞላ አስገባሁ፤ ወር ሳይሞላው እንደገና ተቃጠለ። ሻጩንም ያለ ጥፋቱ አማሁት።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ምንም ሳይፈቱ «ልጄ፤ ከመበላሸቱ በፊት የነካኸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መሪውን ቢያዞሩት እጀታው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ተገኘ። ሽቦው ስላጠረ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደ ተጨበጠ ይሄድ ኖሯል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የፍሪሲዮን ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንሸራተት ነው፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አይጨምርም። ምክንያቱ የተወጠረ ሽቦ፤ ያለቀ ሸራ፤ የደከመ ሞላ ወይም የማይስማማ ዘይት ነው። ሁለተኛው አለመላቀቅ ነው፤ እጀታው ተጨብጦ ሳለ ሞተር ቢስክሌቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ማርሹ ይንቋቋል፤ ፎሌም አይገኝም። ምክንያቱ ከመጠን በላይ የላላ ሽቦ፤ ሽቦውን በበቂ የማይስብ አዲስ እጀታ ወይም ዘይት ሳይጠጣ የተገጠመ አዲስ ሸራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ካምቢዮ ከማስፈታት በፊት የእጀታውን ላላታ ለኩ። በብዙ ትንንሽ ሞተር ቢስክሌቶች በእጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ ግን በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ነው። ይህንም መሪው ቀጥ ብሎ፤ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ ዞሮ ተመልከቱ። ሞተሩ ፎሌ ላይ እየሠራ መሪው ሲዞር ድምፁ ከጨመረ የቤንዚን መስጫው ሽቦም አጥሯልና እንዲህ ሆኖ መንገድ መውጣት አይገባም።

የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ ያዛወረ ሰው ደግሞ የማርሹን ፔዳል ይመርምር። ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ወደ መካከሉ በነፃ ካልተመለሰ የሚቀጥለው ማርሽ አይገባም። የማገናኛው ዘንግና ክንዱም ወደ ቀጥ ያለ ማእዘን ይቅረቡ። ክንዱ ተገልብጦ ከታሰረ የማርሹ ሥርዓት ይገለበጣል፤ ወደ ታች ይገባ የነበረው አንደኛ ማርሽ ወደ ላይ ይሆናል፤ ይህም በድንገት ሲያጋጥም አደጋ ነው።

ዘይትንም አንርሳ። በብዙ ሞተር ቢስክሌቶች ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይሠራል፤ ማንሸራተቻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ግን ሸራውን ሊያንሸራትተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጃሶ ኤም ኤ የተባለው የጃፓን ደረጃ ለዚህ የሚስማማውን ዘይት ስለሚለይ ምልክቱን ከዕቃው ላይ አንብቡ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም። ብልሽት ሲደርስባችሁ ከኪሳችሁ በፊት ወደ ትዝታችሁ እጃችሁን ስደዱ፤ መጨረሻ የነካችሁትንም መጀመሪያ መርምሩ።