የተሰረዘው አዮን ወዴት ይሄዳል?



በሐዋሳ ዙሪያም ሆነ በሌላው የስምጥ ሸለቆ ክፍል፣ ሲያዩት የጠራ የጉድጓድ ውኃ የልጆችን ጥርስ ሲያበልዝ፣ ዓመታት ሲረዝሙም አጥንት ሲያጐብጥ ይታያል። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም።

ፍሎራይድን በኖራ ማዝቀጥ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የሚመነጨው ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው። ሙሉው እኩልታ ተጽፎ፣ ለውጥ ሳያገኛቸው እንደሟሙ የሚቀሩት አዮኖች ከግራም ከቀኝም ሲሰረዙ የሚተርፈው ይህ ነው፦

ካልሲየም²⁺ + 2 ፍሎራይድ⁻ → ካልሲየም ፍሎራይድ (ዝቃጭ)

የሸለቆው ችግር ከዚህች መስመር ይነበባል። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈው ውኃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ካልሲየሙንም ካርቦኔት ቀድሞ ያዘቅጠዋል። ሶዲየም ፍሎራይድን ሊያዘቅጥ ስለማይችል፣ አጣማሪ ያጣው ፍሎራይድ ሟሙቶ ይቀራል።

ኖራ ቢጨመርስ? ካልሲየም ፍሎራይድ ራሱ ጥቂት ይሟሟልና፣ በንጹሕ ውኃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ይተዋል። ይህን ወደ 1.5 ለማውረድ፣ በስሌት፣ በሊትር ከ200 ሚሊግራም የሚበልጥ ካልሲየም እንደሟሟ መቆየት አለበት። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ደግሞ ይህን አይፈቅድም።

በህንድ አገር በናልጎንዳ ስም የተጠራውና በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም የተሞከረው ዘዴ ኖራን ከአሉሚኒየም ሰልፌት ጋር የሚያጣምረው ስለዚህ ነው፦

አሉሚኒየም³⁺ + 3 ሃይድሮክሳይድ⁻ → አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ (ዝቃጭ)

ጥጥ መሳዩ ዝቃጭ ፍሎራይዱን ይዞ ይወርዳል። ሰልፌት ተመልካች ነው ተብሎ ከእኩልታው ወጥቷል፤ ተማሪውም በመሰረዙ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ከባልዲው ግን አልወጣም። ፍሎራይዱ በበዛ መጠን የሚጨመረው አሉሚኒየም ሰልፌት ይበዛል፤ የሚቀረውም ሰልፌት እንዲሁ። ጣዕሙን የጠላ ቤተሰብ ወደ ቀድሞው ጉድጓድ ቢመለስ ሊወቀስ አይገባም።

የአጥንት ከሰል ሰልፌት አይጨምርም፤ ይሁንና አጥንቱ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ የሚጠይቅ ጠጪ አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ዝቃጩም ማረፊያ ይሻል። ፍሎራይዱ ከውኃው ወጣ እንጂ አልጠፋም፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። ስለሆነም የማጣሪያው ንድፍ ሲሠራ የዝቃጩ ጉድጓድ ከውኃው ታንከር እኩል በወረቀቱ ላይ መሣል ይኖርበታል።