ቤት አከራይ ለመሆን የሚነሣ ሰው

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ተከራዮች ናችሁ። ስለዚህ ስለ አከራይነት ልናገር ስነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አያለሁ። ነገር ግን ከእናንተ ውስጥ ነገ በወላጆቹ ግቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት የሚወርስ፣ ወይም ቆጥቦ ኮንዶሚኒየም የሚገዛ አይጠፋም። ያ ሰው ቍልፍ ከማስረከቡ በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል።

እኔ አከራይ የሆንሁት ሳላስብበት ነው። በ2011 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አባቴ ዐረፈ፤ እናቴም በአዲስ አበባ ባለው ግቢያችን ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ኀላፊነት ለእኔ ሰጠችኝ። በአንደኛው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት፣ በሁለተኛው አንድ የቀን ሠራተኛ ከነባለቤቱ ይኖሩ ነበር። ኪራዩ ለእያንዳንዱ በወር 2,000 ብር ነው። የሰርቪሶቹ ቆጣሪ ግን አንድ ስለ ነበረ፣ የመብራቱን ሒሳብ ለሁለት እኩል እያካፈልሁ አስከፍል ነበር።

አንድ ቀን ሠራተኛው፣ «ወንድሜ፣ እኔ የማበራው አንድ አምፑል ነው፤ የምጣዱን ለምን እከፍላለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ መልስ በመስጠት ፈንታም በወሩ መጨረሻ 300 ብር ጨመርሁበት። በሳምንቱ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ፣ ሚስቱም ልጇን አዝላ ወጡ። ክፍሉ ሁለት ወር ባዶውን ቆመ። ጭማሪው በዓመት 3,600 ብር ሊያስገባልኝ ነበር፤ ያጣሁት ግን 4,000 ብር ሆነ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ፣ እናቴ «አባትህ ሲሞት ድንኳን የተከለልህን ሰው አስወጣኸው» ያለችኝ ቃል ነው።

ከዚህ የተማርሁት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ሒሳብ ነው። የዓመቱን ኪራይ በ12 ወር ሳይሆን በ10 ወር ቍጠሩ። የቀረው ለባዶ ጊዜ፣ ለሚያፈስ ጣራ፣ ለሚሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቀመጥ። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈልበት መሆኑም አይዘንጋ። በብድር ገዝቶ የሚያከራይ ሰው ደግሞ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን የባንኩ ወለድ አብሮ እንደማይቆም ይወቅ።

ሁለተኛው ውል ነው። መብራቱን ማን ምን ያህል ይከፍላል? ውሃውንስ? የተሰበረውን ማን ያሠራል? ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዟል። ኪራይንም እንደ እኔ በቍጣ መጨመር አይቻልም። ይህ ሕግ ተከራዩን ብቻ የሚጠብቅ የሚመስለው ተሳስቷል፤ ሁለት ዓመት የሚቆይ ተከራይ ለአከራዩም ሀብት ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ በኪራይ ይተዳደሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ገቢያቸውን አጥተዋል። ያ አዋጅ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስተምረው ግን፣ የቤት ኪራይ እንደ ሌላ ንግድ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አለመኖሩን ነው። ለእኛ ገቢ የሆነው ግድግዳ ለሌላው ልጁን የሚያሳድግበት ጎጆ ነውና።

ያን ሰው በኋላ ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ይቅር ብሎኛል፤ ተመልሶ ግን አልመጣም። ዛሬ ለየክፍሉ የተለየ ቆጣሪ አለ። ዋጋውም ያን ጊዜ ካጣሁት የሁለት ወር ኪራይ ያነሰ ነበር።