ደም በወንበር ላይ ሲረጋ

የዛሬው ርዕሳችን የደም መርጋት ነው። አዎ፣ በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ፣ በጠባብ ወንበር ላይ የሚመጣው የደም መርጋት።

እስቲ ወተትን አስቡት። ታልቦ ሳይነካ ከተቀመጠ ይረጋል። በእግራችን ደም ሥር ያለው ደምም ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ እንዲሁ ሊረጋ ይችላል። ደሙ ሽቅብ ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ እየጨመቀ ሲገፋው ነው። ጉልበት ታጥፎ ጡንቻው ሥራ ሲፈታ ግን ደሙ እዚያው ይዘገያል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ያኔም አነስተኛ ነው፤ አትደንግጡ። ደግሞ ጥፋቱ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ አውቶቡስም ያው ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ቀድሞ የደም መርጋት የገጠማቸው ግን ከመሳፈራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የምትበሩ፣ ያ በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት የእጅ ሻንጣ እግራችሁ ሥር አይሁን! መዘርጊያ ያሳጣችኋል። ቁርጭምጭሚታችሁን አዙሩ። ተረከዛችሁን አንሱ፣ መልሱ። አልፎ አልፎ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ በሉ። መስኮት ጋ የተቀመጣችሁም ጎረቤታችሁን ለማስነሳት አትፈሩ። የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ ሳይገላበጡ ማደር ግን አይመከርም።

ከጉዞ በኋላ፣ ሳምንታት አልፈውም ቢሆን፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ የረጋው ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።