ከፎቶግራፉ ጀርባ ስም ይጻፍ

(ሀደራ በሚገኘው የማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

 

በዚህ አዳራሽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ላነጋግራችሁ እፈልጋለሁ። ከሻንጣችሁ ሥር፣ በነጠላ ወይም በፌስታል ጠቅልላችሁ ስላመጣችሁት ፎቶግራፍ ነው።

በመጀመሪያ በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ እዚህ አገር «ሾራሺም» የሚሉትን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ሾራሺም ማለት ሥሮች ማለት ነው። ተማሪው የዘር ሐረጉን ይቆጥራል፣ የቅድመ አያቶቹን ታሪክ ይጽፋል፣ ፎቶግራፋቸውን ይለጥፋል። የእናንተም ልጆች ነገ ይዘውት ይመጣሉና ተዘጋጁ። እኔ ደስ ብሎኝ አንዲት አሮጌ ፎቶግራፍ አወጣሁ። በላይዋ ላይ ጥምጣም የጠመጠሙ ሁለት ሽማግሌዎች ጃንጥላና ጭራ ይዘው ቆመዋል። አንደኛው አያቴ ቄሱ ናቸው። የትኛው? አባቴ ሁልጊዜ «በስተቀኝ ያለው ነው» ይሉ ነበር። አክስቴ ደግሞ «ኧረ በስተግራ ያለው ነው፤ አባቴን እኔ አላውቅም እንዴ!» እያሉ ይከራከሯቸው ነበር። እኛ ወጣቶቹ በክርክሩ እየሳቅን ቡናችንን እንጠጣ ነበር። ከመካከላችን እርሳስ አንሥቶ የጻፈ አልነበረም። ዛሬ አባቴም አክስቴም በሕይወት የሉም። ልጄ በደብተሯ ላይ «ቅድመ አያቴ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ናቸው» ብላ ጻፈች። መምህርቷ ሥራውን ወደደችው። እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሕዝቦች የካህናቶቻቸውን መልክ እንዴት ጠብቀው እንዳቆዩ ለማወቅ ብዬ መጻሕፍት አገላብጬ ነበር። ያገኘሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

አዲስ ገቢዎቹ የአሜሪካ ቀሳውስት

አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን ሪቻርድ ማተር የሚባል ቄስ ነበር። እርሱም እንደ እናንተ አዲስ ገቢ ነበር። በ1635 በእምነቱ ምክንያት ከእንግሊዝ በመርከብ ወጥቶ፣ በመንገድ ላይ ከባድ ማዕበል መትቶት፣ ቦስተን አጠገብ ባለች ዶርቸስተር በምትባል መንደር ተቀመጠ። በ1669 ሲሞት ጆን ፎስተር የሚባል የዚያው መንደር ወጣት መልኩን በእንጨት ላይ ቀረጸው፤ በ1670 ገደማም በወረቀት ላይ ታተመ። በዚያ አገር ከታተሙት የሰው መልኮች ሁሉ የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። ሽማግሌው በእጁ መነጽርና መጽሐፍ ይዟል። ሥራው ሻካራ ነው። እንጨቱ ሁለት ቁራጭ ስለነበረ በአንዳንዱ ወረቀት ላይ ራሱና ትከሻው በትክክል አልገጠሙም። ሆኖም ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፎት፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬም ይታወቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች እንደ እኛ አባቶች በጸሎት ቤታቸው ውስጥ ሥዕል የሚባል ነገር አያስገቡም ነበር። የመምህራቸውን መልክ በየቤታቸው ያስቀመጡት ሊሰግዱለት ሳይሆን ትምህርቱን ሊያስታውሱበት ነው። እኛም ዘንድ «መልክ ማስቀመጥ ለጣዖት ያደርሳል» ብለው የሚሰጉ ሽማግሌዎች አሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ለመስገድና ለማስታወስ መያዝ የተለያዩ ናቸው።

የሪቻርድ የልጅ ልጅ ኮተን ማተር በ1728 ሲሞት ደግሞ ፒተር ፔልሃም የሚባል ከለንደን የመጣ ባለሙያ መልኩን በመዳብ ላይ ሠራ። የአሠራሩን ዘዴ ብረት ሲቀጠቅጥ ለኖረ ወገን ማስረዳት አይከብድም። የመዳቡ ገጽ በሙሉ በጥርሳም መሣሪያ ይሻክራል። በዚያው ቀለም ተቀብቶ ቢታተም ወረቀቱ ጥቁር ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ባለሙያው ብርሃን የሚፈልግበትን ቦታ፣ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ነጭ ጸጉሩን፣ እየፋቀ ያለሰልሰዋል። ለስላሳው ቀለም ስለማይዝ ነጭ ይወጣል። ፊቱ ከጨለማ ውስጥ ቀስ በቀስ ይገለጣል ማለት ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር እኔን በጣም አስገርሞኛል። ፔልሃም ዊልያም ኩፐር የሚባል ሌላ ቄስ መልክም ቀርጾ ነበር። ፔልሃም ከሞተ በኋላ የእንጀራ ልጁ ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ፣ ኋላ ታላቅ ሠዓሊ የሆነው፣ በ1753 ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ ያንኑ መዳብ አነሣ። የኩፐርን ፊት ፍቆ በቦታው ዊልያም ዌልስቲድ የሚባል ሌላ ቄስ ፊት ቀረጸበት። ልብሱና አካሉ የኩፐር ሆኖ ቀረ፤ ፊቱና ስሙ ግን የዌልስቲድ ሆነ። መዳብ ውድ ስለነበረ ነው። ይህን ሳነብ የእኔዎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። ጥምጣምና ጃንጥላ አንድን ሰው ከሌላው አይለይም። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚነግረን የተጻፈው ስም ብቻ ነው።

መልክህ ለማን ይጠቅማል?

የሦስተኛው ሰው ታሪክ ሳምሶን ኦኮም ይባላል። ይህ ሰው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከሞሂጋን ወገን የተወለደ ቄስ ነበር። ለነባር ሕዝቦች ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ያሰባስብ ዘንድ ተልኮ በ1766 እንግሊዝ ደረሰ። ሁለት ዓመት ያህል እየተዘዋወረ ሰበከ። በ1768 መልኩ በለንደን በመዳብ ተቀርጾ ታተመ። ወደ 12,000 ፓውንድ ተሰበሰበ፤ በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በአመዛኙ የዋለው ዳርትመዝ ለሚባለው ኮሌጅ ነው፤ ያም ኮሌጅ በዋነኛነት የነጮችን ልጆች የሚያስተምር ሆነ። ኦኮምም ከላኩት ሰው ጋር ተጣልቶ በምሬት ተለያየ።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ሳለን ካሜራ ይዞ የመጣ እንግዳ ፎቶግራፍ አንሥቶን ሲሄድ ፎቶግራፉ የት እንደደረሰ አልጠየቅንም። አባቴን ከደጃችን ቆመው ያነሣቸው ሰው «እልክላችኋለሁ» ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ዛሬ እናንተን ወይም ልጆቻችሁን ፎቶግራፍ ላንሣ የሚል ቢመጣ በትሕትና ጠይቁ፤ ለምን ጉዳይ ነው? የት ይወጣል? ስሜ ይጻፋል ወይ? አንድ ቅጂስ ትሰጠኛለህ? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አባ ጎርጎርዮስና የእኛ ካህናት

ከኢትዮጵያም ስሙና መልኩ አብረው የቆዩለት ሰው አለ። አባ ጎርጎርዮስ ይባላል፤ የአማራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ የሆነ ክርስቲያን መነኩሴ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን ከአገሩ ወጥቶ ሮም ሲቀመጥ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ አገኘው። በ1652 ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተጋብዞ ሄደ፤ ለሉዶልፍም ግዕዝንና አማርኛን፣ የአገሩንም ታሪክ አስተማረው። በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መርከቡ ሰጥሞ ሞተ። ሉዶልፍ ግን አልረሳውም። ከእርሱ በተማረው መሠረት በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ቤተ እስራኤልም ጽፏል። የአባ ጎርጎርዮስንም መልክ በመዳብ አስቀርጾ ከነስሙ አወጣለት። እነሆ፣ በስደት የሞተ ሰው በመልኩና በስሙ ይታወሳል። ያስታወሰው ሰው ምን እንዳስተማረው ስላወቀ ነው።

የእኛ ካህናትስ? በ1862 ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ በቤተ እስራኤል መካከል ስላደረገው ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ ለንደን ውስጥ ታተመ። መጽሐፉ የቦታና የሰው 20 ቅርጾች አሉት። በዚያ ዘመን የጉዞ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው የሰውየው ስም ሳይሆን «የእገሌ ወገን ሰው» የሚል ነው። እኛንም ራሳችን በማንወደው ስም ነበር የሚጠሩን። በዚያው በ1862 አባ ማኅሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ቀይ ባሕርን ሳይሻገሩ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። የእርሳቸው ስም በሽማግሌዎቻችን አፍ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል። አንዱን ወገን ስም የሌለው መልክ፣ ሌላውን ወገን መልክ የሌለው ስም አገኘነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1904 ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በእርሳቸውም ዘመን ፎቶግራፎች ተነሡ። የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ሥዕሎች ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ የቆየ ሥዕል በመጽሐፍም ሆነ በኤግዚቢሽን ስታዩ አሳዩአቸው። «ይህማ የእገሌ አባት ናቸው» የሚል አንድ ቃል ከአንድ ሽማግሌ አፍ ቢወጣ፣ ምንም ዩኒቨርሲቲ ሊያገኘው የማይችል ዕውቀት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወገኖቼ፣ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ፎቶግራፎቹን አውጡ። ከጀርባቸው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ጻፉ። ቢክ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ ጫናውም ፎቶግራፉን ይሰብረዋል። የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩን፣ ዘመኑን፣ ማን እንዳነሣውም ጻፉ። ብዙ ሰው ካለበት ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ዘርዝሩ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ልጄ «ከሁለቱ አንዱ» አትልም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስሙን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉት። የልጅ ልጆቻችሁ ፊደል ላይቆጥሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የቀድሞውን ስም አትተዉ። ከእኛ በፊት ከገቡት ብዙዎቹ ስማቸው ወደ ዕብራይስጥ ተለውጧል። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ ወንድማማቾች እንኳ በመዝገብ ላይ የተለያየ ስም ይዘው የተገኙበት ጊዜ አለ። ድሮ ሰው በምን ስም ይጠራ እንደነበር ካልተጻፈ የዘር ሐረጉ ይበጠሳል። ሰባት ቤት መቁጠር ለምናውቅ ሕዝብ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

አራተኛ፣ የሀደራ አየር የባሕር አየር ነው፤ እርጥበቱ ወረቀት ያበላሻል። ፎቶግራፉን በላስቲክ አታሽጉት፣ በማስቲሽ አትለጥፉት፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይም አትስቀሉት። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ከቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ አኑሩት። ለመስቀል ቅጂ አሠሩ። ዋናውን ለማንም አታውሱ፤ ለቅርብ ዘመድም ቢሆን ቅጂ ስጡ።

አምስተኛ፣ ፎቶግራፍ የሌላችሁ አትዘኑ። በሱዳን በኩል የመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው የደረሱት። እናንተ ደግሞ ድምፅ አላችሁ። ሽማግሌዎቻችሁን አስቀምጣችሁ በስልካችሁ ቅዱ። ቄሱ ማን ነበሩ? ኦሪቱን ከማን ተማሩ? ቁመናቸው፣ አነጋገራቸው እንዴት ነበር? በቃል የተሣለ መልክም መልክ ነው።

በመጨረሻ ስለዚህች ስለምንኖርባት ከተማ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ሀደራን በ1891 የመሠረቷት ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁድ ነበሩ። መጀመሪያ ያረፉት ዛሬ ሙዚየም በሆነው በአሮጌው ኻን ነው። በወንዙ ዙሪያ ያለው ረግረግ በወባ ፈጃቸው፤ ብዙዎች ልጆቻቸውን ቀበሩ። ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ እኛ ከአገራችን የምናውቀውን ያንኑ ባሕር ዛፍ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኻኑን ጎብኙ። እነዚያ አዲስ ገቢዎች በዚያ መከራ መካከል ወረቀታቸውንና ፎቶግራፋቸውን ባይጠብቁ ኖሮ፣ ዛሬ ሄደን የምናየው ታሪክ አይኖርም ነበር።

እኛም የዚህች ከተማ ሰዎች ነን። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ የሀደራ ልጅ የእናንተን ፎቶግራፍ ገልብጦ ጀርባውን ሲያይ ባዶ እንዳይሆንበት አደራ እላለሁ።

 እርሳስ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ አንድ አንድ ያዙ።