ድመትና የዳንቴል ክር

አንደኛ አቅራቢ፦ በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ፣ ቡናው እስኪፈላ ኪሮሻችሁን የምታነሱ እናቶችና እህቶች፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ድመትና ስለ ዳንቴል ክር ነው። ወንድሜ፣ ድመት በክር ስትጫወት፣ ብዙ ሰው ጉዳቱ የክሩ መተብተብ ብቻ ይመስለዋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነሽ እህቴ፤ ትልቁ አደጋ ግን በድመቷ ላይ ነው። ምላሷ ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾኮች ወደ ጉሮሮዋ የዞሩ ናቸው። ክር አንዴ አፏ ከገባ መትፋት ያቅታትና እየዋጠችው ትሄዳለች። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ከተያዘ አንጀቷ ይሸበሸባል፤ ሊቀደድም ይችላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ጫፉ ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ቢታይስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በፍጹም አይሳብ! መሳብ አንጀቷን ሊቆርጠው ይችላል። ክር ከታየ፣ ወይም ደጋግማ ካስመለሰችና ምግብ ከተወች፣ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ መከላከያው በእጃችን ነው። የክሩን ጥቅል ክዳን ባለው ሙዳይ ከትቶ፣ ጫፉን ብቻ አውጥቶ መሥራት። ሥራው ሲያበቃ ኪሮሹን፣ መርፌውንና ቁርጥራጩን ሰብስቦ መክደን።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ከሥራ በፊት በጨርቅ ኳስ ብናጫውታትም ልቧ ከክሩ ይርቃል። እህላችንን ከአይጥ የምትጠብቅ ናትና፣ አድማጮቻችን፣ እኛም እንጠብቃት።