ከመፀነስ በፊት የሚጀምር ጥንቃቄ



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ስለ ነፍሰ ጡር ጤንነት ሲነገር በመጀመሪያ የሚታሰበው የምጥ ሰዓት ነው። ወደ መሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል የሚያደርሰው ዳገትና ገደል፣ በክረምትም የሚሞላው ወንዝ ወላዷን እንዴት እንደሚፈትናት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሕፃኑን ዕድል የሚወስን ሌላ ጊዜ አለ፤ እርሱም እናቲቱ ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ ያልፋል።

ፅንስ በተፀነሰ በ22ኛው ቀን ገደማ ልቡ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያበቃል። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ አንጎሉ ሳይሟላ ወይም ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ በአራተኛው ወር ክትትል የምትጀምር ሴት ሌላ ብዙ ጥቅም ብታገኝም ይህኛው ጊዜ አምልጧታል።

ለዚህ ጉድለት ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ማነስ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕፃን በወለዱ እናቶች ላይ ተደርጎ በ1983 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቫይታሚኑ ጉድለቱ እንዳይደገም 72 በመቶ እንደሚከላከል አሳይቷል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ ይመከራል። ቀድሞ ጉዳቱ ለደረሰባት ግን ከፍ ያለ መጠን ሐኪም ሊያዝላት ይገባል።

በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ነገር ግን የመንዝ ቂጣና በሶ ከጎተራ ወጥቶ በሰፈር ወፍጮ ከሚፈጨው ገብስ እንጂ ከፋብሪካ ዱቄት አይደለም። ከገበያ ተገዝቶ በየጎጆው የሚገባው ጨው ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል፤ አዮዲን ለፅንሱ አንጎል ዕድገት እጅግ አስፈላጊ ነውና። ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑን ከብክነት ያድነዋል።

ባቄላ፣ አተርና ጎመን የፎሌት ምንጮች ናቸው፤ የጾም ምግብ መሆናቸውም መልካም ነው። ሆኖም ክኒኑን አይተኩም። በጾም ወራት ነፍሰ ጡሯ ከነፍስ አባቷ ጋር ብትመካከር፣ ጠላና ዓረቂ ብትተው፣ ውኃና እንጨት የመሸከሙን ሥራ ባልና ቤተ ዘመድ ቢያግዟት ፅንሱ ይጠቀማል። ደም ማነስን የሚከላከለው የብረት ክኒንም ሳይቋረጥ ሊወሰድ ይገባል።

እንግዲህ የአዋላጅ ነርስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምክር ሆድ እስኪገፋ መጠበቅ የለበትም። ሠርግ በሚደገስበት በጥር ወር፣ ሙሽራዋ ጎጆ ሳትወጣ፣ ስለ ክኒኑም ስለ ጨውም ሊነገራት ይገባል። ለሙሽራ ጥሎሽ ቀን ተቆርጦ እንደሚዘጋጅ ሁሉ፣ ለሚወለደውም ልጅ አስቀድሞ መዘጋጀት የቤተ ሰቡና የባለሙያው የጋራ ግዴታ ነው።